ከበርኖሱ ስር

በካውካስ ተራሮች፣ የሻፕሱግ ነገድ በሚኖርባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ቃናማትን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ እንግድነት ሄዶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይባል ነበር። ከመኖሪያው ራቅ ብሎ፣ ከፖም ዛፎቹ መሀል የሠራው የእንግዳ ቤት መቀርቀሪያ አልነበረውም። የመጣ ሰው ፈረሱን ከደጅ አስሮ፣ ጠመንጃውን ከግድግዳው ሰቅሎ ይቀመጣል። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ፈልገህ ነው የሚለው የለም። በጉ ይጣላል፣ የዳጉሳው ገንፎ ይቀርባል፣ ቃናማትም አብሮ ተቀምጦ እያጫወተ ያበላል። ሚስቱ ጎሽማፍ እንደ አገሩ ወግ የባሏን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም፤ "የቤቱ ሰው እንግዳ ከሌለ እህል አይወርድለትም" እያለች በኩራት ታማዋለች።

ከእንግዶቹ ሁሉ አንደኛው ጃንሖት ነበር። ጃንሖት የላይኛው ተራራ ሰው ነው፤ ወዳጅነታቸውም የተጀመረው በደም ነው። ቃናማት ገና ጎረምሳ ሳለ በፈረስ ጠብ ሰው ገደለና የሟች ወገኖች አሳደዱት። ሲሮጥ አርፍዶ፣ ካገኘው የመጀመሪያ ቤት ዘው ብሎ ገባ። ቤቱንም አያውቀው፣ ባለቤቱንም አያውቀው። አሳዳጆቹ ደጁ ላይ ሲደርሱ ባለቤቱ ጃንሖት ጠመንጃውን ይዞ ከመድረኩ ላይ ቆመ።

"እንግዳዬ ገና ምሳውን አልጨረሰም" አላቸው።

"እንጠብቀዋለን። ሲጨርስስ?"

"ሲጨርስማ እራቱን ይጀምራል!"

ሽማግሌ ገብቶ የደም ካሳው እስኪከፈል ድረስ ቃናማት ከዚያ ቤት አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ጃንሖት መኸር በመጣ ቁጥር የተራራ ማር ይዞ ይወርዳል፤ ሁለቱም ያችን ምሳ እያነሱ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። "ይኸው እስከ ዛሬ አልጨረሰም፣ ሆዳም!" ይል ነበር ጃንሖት።

እንዲህ እየኖሩ ያ የጸደይ ወራት መጣ። ከመስኮብ ጋር ስንት ዘመን የቆየው ጦርነት አበቃ፤ መስኮብ አሸነፈ። ወታደሮቹ ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ "ወይ ወደ ረግረጉ ሜዳ ወርዳችሁ በእኛ ሥር ትኖራላችሁ፣ ወይ ባሕሩን ተሻግራችሁ ወደ ቱርክ ትሄዳላችሁ" አሉ። መልስ እስኪሰጣቸው ግን አልጠበቁም፤ እሳቱ አስቀድሞ ተለኩሶ ነበር። ቃናማት የእንግዳ ቤቱ ሲነድ፣ የፖም አበባው በሙቀቱ ሲጠወልግ ቆሞ አየ። ከዚያ ጥቁር በርኖሱን ደረበ። ጎሽማፍ ትራስ ውስጥ የሰፋችውን ዳጉሳ አዘለች፤ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ከሕዝቡ ጋር ወደ ባሕሩ ወረዱ።

ባሕሩ ዳር የነበረውን ነገር በኋላ ዘመን ከተረፉት ሰዎች አንዱም ደፍሮ አላወራውም። ከየተራራው የወረደ ሕዝብ ጠጠሩ ላይ ተከማችቶ የቱርክን ጀልባ ይጠብቃል። ጀልባ ትመጣለች፤ ከምትችለው በላይ ትጭናለች፤ ትሄዳለች። የቀረው በዝናብና በፀሐይ ይቀመጣል። መጀመሪያ በጎቹ አለቁ፣ ከዚያ ፈረሶቹ፣ ከዚያ ሰው መውደቅ ጀመረ። የቃናማት የመጨረሻ ልጅ፣ ገና ጥርስ ያላወጣችው፣ በተቅማጥ ሞተች። በባዶ እጃቸው ጠጠሩን ቆፍረው ቀበሯት።

ያን ጊዜ ነው ቃናማት እሳት ማንደድ የከለከለው።

"ጭስ ወደ ታየበት ሰው ይመጣል" አለ ሚስቱን፣ ፊቷን ሳያይ። "ዳጉሳውን በውሃ ዘፍዝፊውና ልጆቹ ጥሬውን ያኝኩ።"

ጎሽማፍ ዳጉሳውን ዘፈዘፈች። በማግስቱ አጠገባቸው የሰፈረች ሴት፣ "እህት ዓለም፣ ፍም አለሽ?" ብላ ብትጠይቃት፣ "የለኝም" አለች። ውሸት አልነበረም። ቃናማት ግን ሰማ። እሱ፣ ጭሱ ከሩቅ እየታየ መንገደኛ የሚጠራው ሰው፣ ፍም የሌለው ሆነ።

ጃንሖት የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ቃናማት ከሩቅ አየው። ቀጭኑን ረጅሙን ቁመናውን ማንም አይስተውም። በአንድ እጁ ትንሽ ልጅ ይዞ፣ በሌላው ጥቅል አንግቦ፣ ከሰፈረው ሰው ሁሉ ፊት እየቆመ ይጠይቃል። ድምፁ በነፋሱ ይመጣል፦ "የሻፕሱጉን ቃናማትን ያየ አለ? እንግዳ የሚወደውን ቃናማትን?"

ቃናማት ትራሱን አየ። የቀረው ዳጉሳ ለሁለቱ ልጆች እንኳ ጀልባ እስኪመጣ የሚበቃ አልነበረም። እንግዳ ከመጣ ደግሞ ሊያበላው ነው፤ ጃንሖት ነውና ያለውን ሁሉ ሊያበላው ነው። ሌላ መንገድ አያውቅም። ስለማያውቅም ጠጠሩ ላይ ተጋደመና በርኖሱን እስከ ራሱ ሳበው።

"የለም በዪው" አለ ከውስጥ።

"ምን?"

"የለም በዪው አልኩሽ!"

ጎሽማፍ ቀና ስትል ጃንሖት ፊቷ ቆሟል።

"እመቤቴ!" አለ። ድምፁ ሻክሯል፤ ሳቁ ግን የድሮው ነው። "እንኳን በሕይወት አየሁሽ። እግሬ እስኪላጥ ነው የፈለግኋችሁ። የታለ ያ ሆዳም?"

"የለም" አለች ጎሽማፍ። "ወደ... ወደ ጀልባዎቹ ወርዷል።"

"ይመለሳል?"

"እንጃ።"

ቃናማት ከበርኖሱ ስር ሆኖ ጠጠሩ ሲንሿሿ ሰማ። ጃንሖት ተቀመጠ። አሁን ልነሳ፣ አለ በልቡ። ተነስቼ፣ "ቀለድኩብህ" ልበለው፤ እሱ ቀልድ ይወዳል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቃል ከተነገረ በኋላ ነው ያሰበው። አሁን ቢነሳ ሚስቱ ውሸታም ልትሆን ነው። እሱም በጠራራ ፀሐይ ከወዳጁ የተደበቀ ወንድ ሊሆን ነው።

"ይህ የተኛውስ ማነው?" አለ ጃንሖት።

"የ... የቤቱ ሰው አጎት ነው። ትኩሳት ይዞት ነው።"

"አላህ ያሽረው።"

ጃንሖት ሳል ያዘው። ረጅምና እርጥብ ሳል ነበር። ሲበርድለት ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ።

"እመቤቴ፣ ለመብላት አልመጣሁም፤ አትሳቀቂ። ይኸውልሽ፣ ትንሽ የደረቀ ሥጋና የታጠነ አይብ ይዣለሁ። ባዶ እጄን ወደ እሱ ቤት መጥቼ ስለማላውቅ ነው። የመጣሁት ስለዚች ልጅ ነው። እናቷ መንገድ ላይ ቀረች። እኔም ይኸው ሳሌን ትሰሚያለሽ፤ ባሕሩን ብሻገር እንኳ ማዶው ላይ ብዙ አልቆይም። ዳኻናጎ ትባላለች። ለእሱ አደራ ልሰጣት ነው የመጣሁት። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ልጄን አምኜ የምሰጠው ሌላ ሰው የለኝም።"

አሁን፣ አለ ቃናማት። አሁን ተነስ! እጁን ጠጠሩ ላይ አስደገፈ። ክንዱ ግን አልታዘዘውም። ቅድም ቢነሳ በእህል የሰሰተ ሰው ይሆን ነበር። አሁን ቢነሳ ደግሞ ልጁን አደራ ሊሰጠው የመጣ ወዳጁን አግድም ተኝቶ ያደመጠ ሰው ነው። ሐፍረቱ በጨመረ ቁጥር በርኖሱ ከበደ። መሬት ተከፍታ እንድትውጠው ለመነ፤ መሬቷ ግን ጠጠር ነበረች።

"ልጠብቀው እንዴ?" አለ ጃንሖት።

 ጎሽማፍ ምን አድርጋ እንደሆነ ቃናማት አላየም። ድምፅዋን ብቻ ሰማ፤ የእሷ የማይመስል ቀጭን ድምፅ፦

"ዛሬ የሚመለስ አይመስለኝም።"

"እሺ" አለ ጃንሖት። "እሺ እመቤቴ።" ተነሳ። ሊሄድ ሲል ግን ጎንበስ ብሎ በበርኖሱ ላይ፣ ልክ በቃናማት ትከሻ ላይ፣ እጁን አሳረፈ። "አይዞህ አባት" አለ። "ሁሉም ያልፋል። ይማርህ።"

እጁ ትኩስ ነበር። ትኩሳት ነበረው።

ኮቴያቸው ከራቀ በኋላ ቃናማት ተነሳ። ጎሽማፍ ጥቅሉን ፈትታ ሥጋውንና አይቡን ፊቱ አስቀመጠች። ልጆቹ ሥጋውን ሲያዩ አለቀሱ።

"ልከተላቸው" አለ።

"ሂድ።"

ሄደ። ብዙ ፈለገ። በኋላ ግን፣ በእርጅናው፣ ይህን ፍለጋ ባስታወሰ ቁጥር አንድ ነገር ያሳፍረው ነበር፦ እነሱ በሰሜን በኩል ሄደው ሳለ እሱ የፈለጋቸው በደቡብ በኩል ነበር። ያን ጊዜ አላወቅሁም ይላል ለራሱ። ግን ያውቅ ነበር፤ ኮቴያቸው ወዴት እንደራቀ ሰምቷል።

ጀልባው ሲመጣ ተሳፈሩ። ያ ሥጋና አይብ ልጆቹን በሕይወት አሻገረ።

ሳምሱን በተባለው የቱርክ ወደብ ሲወርዱ የቱርክ ሹማምንት በሽታ እንዳያዛምቱ ብለው ከከተማው ውጭ አጎሯቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ጫካና ረግረግ ወዳለበት አገር ወስደው መሬት ሰጧቸው። ወባው ብዙ ሰው ጨረሰ። የተረፈው ጫካውን መነጠረ፣ ዳጉሳ ዘራ፣ ቀስ በቀስ መንደር ሆነ። ቃናማት ግን የራሱን ቤት ሳይሠራ አስቀድሞ የእንግዳ ቤት ሠራ። ልጆቹ በዳስ እያደሩ እሱ ለእንግዳ ግድግዳ ይመርግ ነበር። አገሩ ሁሉ ተደነቀ።

"ባሕር ያልበላው የሻፕሱግ ሰው ቢኖር ቃናማት ነው!" አሉ። "እንደ ድሮው ነው። ክብሩን ይዞ ነው የተሻገረው።"

ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ሰው ትሕትና መሰለው። ደግሞም አንድ የተለወጠ ነገር ነበር፤ ቃናማት ከእንግዳ ጋር መቀመጥ ትቶ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ እንደ ጎረምሳ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ያስተናግዳል፤ እጅ ያስታጥባል፣ ገንፎ ያቀርባል፣ አይቀመጥም። የመንደሩ ሽማግሌ ትሎስታን ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ሰው ነውና አንድ ቀን አላስቻለው።

"አንተ ቃናማት፣ ምን ሆነሃል? አማች ቤት የመጣህ ሙሽራ ይመስል ግድግዳ ትታከካለህ! ጢምህ ሸብቶ ከልጆች ጋር ትቆማለህ? ና ተቀመጥ፣ አታሳፍረን።"

"እዚህ ይሻለኛል" አለ ቃናማት።

"ወገብህን ነው?"

"አዎ፣ ወገቤን ነው።"

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ "የቃናማት ወገብ" መቀለጃ ሆነ። እሱም ደስ አለው፤ ሰው በወገቡ ሲስቅ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ጎሽማፍ ብቻ ከጓዳ ሆና ሳቁን ስትሰማ እጇ ይቆም ነበር። ስለዚያ ቀን ግን አንስተው አያውቁም። አንድ ቤት ውስጥ ኖሩ፣ ልጅ ዳሩ፣ የልጅ ልጅ አዩ፤ ያችን ቀን ግን እንደ ጉድጓድ ዙሪያዋን ይዞሯት ነበር።

ዓመታት አለፉ። በአንድ መኸር ኮርቻ እየሠራ በየከተማው የሚዞር የእነሱው ወገን የሆነ ሰው እንግዳ ሆኖ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሲበላ ስለ አማስያ ከተማ ያወራ ጀመር።

"አንድ መዳብ ቀጥቃጭ ቤት ሄጄ" አለ፣ "ሚስቱ በገዛ ቋንቋችን 'እንኳን ደህና መጣህ' አትለኝም! እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ልጅ ሆና ሳምሱን ላይ አባቷ ሞተባት። አሳድጋለሁ ብሎ የወሰዳት ሰው ለአንድ ሀብታም ቤት ሸጣት። አገልጋይ ሆና አደገች፣ እመቤቲቱ ስትሞት ነፃ አወጣቻት፣ ቀጥቃጩ አገባት። የላይኛው ተራራ ሰው ልጅ ነኝ አለችኝ። አባቷ ጃንሖት ይባል ነበር አሉ።"

ቃናማት ገንፎ ይዞ ቆሞ ነበር። ሳህኑ ከእጁ አልወደቀም። አቀረበው፣ እጁን ጠረገ፣ ወጣ፤ በረት ገብቶ ግንባሩን ከፈረሱ አንገት ላይ አሳረፈ። ሸጣት። ከበርኖሱ ስር ሳይነሳ በቀረባት በዚያች ቅጽበት የሸጣት እሱ ራሱ ሆኖ ታየው።

ለጎሽማፍ "ወደ አማስያ ልወርድ ነው" ብሎ ብቻ ተነሳ። እሷም "ለምን" አላለችም። የሚለብሰውን ንጹሕ ልብስ አወጣችለት።

የቀጥቃጩ ቤት ከወንዙ ዳር ካለው ሰፈር ነበር። በሩን ሲያንኳኳ ሠላሳ ያልሞላት፣ ረጅምና ቀጭን ሴት ከፈተች። ቁመናዋን ባየ ጊዜ ማንነቷን መጠየቅ አላስፈለገውም። አለባበሱንና ጩቤውን አየችና በቋንቋው፣ ከተቀመጠ የቆየ ዕቃ እንደምታወጣ ዓይነት ቃሉን እየፈለገች፣ "እንኳን ደህና መጡ አባባ። ይግቡ" አለችው።

ማን ነዎት አላለችም። አስቀመጠችው፤ እጁን አስታጠበችው፤ ዶሮ ሠርታ፣ የዳጉሳ ገንፎ አገንፍታ አቀረበች። ከዚያ እንደ አገሩ ወግ ከበሩ አጠገብ ቆመች። አንድ ትንሽ ልጅ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዞ አጮልቆ ያየዋል።

ቃናማት ገንፎውን ቆርሶ በአፉ አደረገ። አልወርድ አለው። እንግዳ ስሙ አይጠየቅም። በልቶ፣ አመስግኖ፣ ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። መንገደኛ ነበር ትላለች። ይህ ሐሳብ እንደ ሞቀ ልብስ መጥቶ ሲሸፍነው ተሰማው፤ ደነገጠም። ያው በርኖስ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቆሞ ቢያስተናግድም ልቡ ዛሬም መደበቂያ ይፈልጋል።

"ልጄ" አለ። "እኔ ቃናማት ነኝ።"

"አውቄያለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"እዚህ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያየኛል፣ 'የማን ልጅ ነሽ' ይለኛል። እርስዎ ከገቡ ጀምሮ አንዴም ቀና ብለው አላዩኝም።"

 ቃናማት በመንገድ ላይ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። "ያን ቀን..." ብሎ ጀመረ፤ "ያን ቀን እኔ..."

"ያን ቀን ተኝተው ነበር" አለች ዳኻናጎ። "እኔ ልጅ ነኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ መሬት መሬቱን ነው የማየው። የበርኖስዎን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ዓይንዎ ክፍት ነበር።"

"ጨፍኜ ነበር!" አለ ሳያስበው። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ምን እያለ እንደሆነ ገባው፤ አንገቱን ደፋ።

"ክፍት ነበር፣ አባባ። መንገድ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። 'አባዬ፣ ያ ሰውዬ አልታመመም' አልኩት። 'ታሟል' አለኝ። 'ዓይኑ እኮ ክፍት ነው' ስለው፣ 'ልጄ፣ ይህ በሽታ ዓይን አያስጨፍንም' አለኝ። ከዚያ እጄን ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ 'የሰው በሽታ አይወራም፤ ለማንም እንዳትናገሪ' አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።"

በወዲያ በኩል ባሏ መዳብ ሲቀጠቅጥ ይሰማል። ቃናማት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጃንሖት አውቋል። እያወቀ ነው እጁን ትከሻው ላይ ያሳረፈው፤ እያወቀ ነው ሥጋውን ትቶ የሄደው። እስከዚያች ቀን ድረስ ቃናማትን ሲያቃጥለው የኖረው ወዳጁን ማታለሉ ነበር። ለካስ አላታለለውም። ወዳጁ ገመናውን አይቶ ሸፍኖለት ነው የሞተው፤ ዛሬም ምሳውን አልጨረሰም ብሎ ደጁ ላይ ቆሞለት።

"ይቅር በይኝ" አለ በመጨረሻ።

ዳኻናጎ ልጇን ወደ ባሏ ላከችው።

"የአባቴን ይቅርታ እሱ ራሱ የሰጠዎት ይመስለኛል" አለች። "የእኔን ግን አባባ፣ ገና አላገኘሁትም። ሰው ቤት ነው ያደግሁት። ሲጠሩኝ 'አንቺ' ነበር የሚሉኝ፣ ስም እንኳ አልነበረኝም። አለኝ ብዬ ልዋሽዎ አልፈልግም።"

"ልክ ነሽ" አለ ቃናማት።

"ይብሉ። ገንፎው ቀዘቀዘ።"

በላ። ከዚያ ገንፎ የከበደ ነገር በዕድሜው አልዋጠም፤ እሷ ቆማ እያስተናገደችው እስከ መጨረሻው በላ። ሊወጣ ሲል፣ "የቤትዎ እመቤት በሕይወት አሉ?" አለችው።

"አለች።"

"ያን ቀን ልንሄድ ስንል ቀሚሴን ይዘው ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ ነው ያላቀቀኝ። ሰላም ይበሉልኝ።"

ቃናማት መንደሩ እስኪደርስ ይህን ሲያሰላስል ሄደ። ጎሽማፍ ከጓሮ ሽንኩርት ስትነቅል አገኛት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ከአጠገቧ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ስለ ቀሚሱ ሲደርስ ሽንኩርቱን ከእጇ ጣለች።

"ታስታውሰኛለች?" አለች።

"ቀሚሷን ይዘሽ ነበር?"

"ይዤ ነበር።"

"አላውቅም ነበር።"

"ከየት ታውቃለህ?" አለች ጎሽማፍ። ድምፅዋ አልከፋም፤ ሲቀመጥ እንደኖረ ነገር ደርቆ ነበር። "አንተ ተኝተሃል። እኔ ነኝ ዓይኑን እያየሁ የዋሸሁት። 'ልጠብቀው እንዴ' ሲለኝ ልጅቷን አየሁ፣ ትራሱን አየሁ፣ ልጆቼን አየሁ፤ ከዚያ አይመለስም አልኩት። አንተ ያላልከኝን ነው ያልኩት። ይህን ሁሉ ዘመን አንተ በር ላይ ቆመህ ሐፍረትህን ስታስታምም፣ እኔ የት ልቁም? አንድ ቀን እንኳ 'አንቺስ?' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

 እውነትም አንድ ቀን አላላትም። ሐፍረቱን እንኳ ለብቻው በልቶታል፤ እንግዳ የሚወደው ሰው።

"አንቺስ?" አላት፤ በጣም ዘግይቶ።

ጎሽማፍ አለቀሰች። ያቺ የመጨረሻ ልጃቸው ጠጠር ስር ስትቀበር እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

ከመጀመሪያው ካፊያ በፊት ሁለቱም አብረው ወደ አማስያ ሄዱ። ዳኻናጎ በሩን ስትከፍት ጎሽማፍ መድረኩን አላለፈችም፤ እዚያው ቆማ፣ "እኔ ነኝ የለም ያልኩት" አለች። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን ቃናማት አልሰማም፤ በሩ ተዘጋ። ቀጥቃጩ በርጩማ አምጥቶ ከሱቁ ፊት አስቀመጠውና ስለ መዳብ ዋጋ በቱርክኛ ያወራው ጀመር። ቃናማት ግማሹን አልገባውም፤ ራሱን እየነቀነቀ ከቤት የሚመጣውን የሴቶች ድምፅ ያደምጥ ነበር። አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ ዝምታ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎሽማፍ የልጁን እጅ ይዛ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ምን እንደተባባሉ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም።

በቀጣዩ መኸር ዳኻናጎ ልጇን ይዛ ወደ መንደራቸው መጣች። የእንግዳ ቤቱ ሞላ። ሽማግሌው ትሎስታን ማን እንደሆነች ሲነገረው ጉልበቱን መታ።

"ይኸዋ! የወዳጁን ልጅ ከባዕድ አገር ፈልጎ አገኘ! ቃናማት ማለት ይህ ነው! እናንተ ልጆች፣ ከዚህ ሰው ተማሩ!"

ሁሉም ወደ በሩ ዞረው አዩት። ቃናማት የውሃውን ማሰሮ እንደያዘ ቆሟል። ዳኻናጎ ከጓዳው በኩል ታየዋለች፤ በፊቷ ላይ መማጸንም መፍረድም የለም።

"አልፈለግኋትም" አለ። "አባቷ ባሕሩ ዳር አደራ ሊሰጠኝ መጥቶ ነበር። በርኖሴን ተከናንቤ ተደበቅሁበት። ልጅቷ የተሸጠችው በዚያ የተነሳ ነው። ወገቤንም አሞኝ አያውቅም።"

ከጎረምሶቹ አንዱን ሳቅ አመለጠው፤ ቀልድ መስሎት ነበር። ሌላ የሳቀ የለም።  ትሎስታን ማንንም ሳያይ፣ "እኔም እናቴን፣ እዚያ ባሕሩ ዳር..." አለ። አልጨረሰውም። ማንም እንዲጨርስ አልጠየቀውም። ዕድሜያቸው የገፋው ሁሉ፣ ያን ባሕር ዳር ያዩት ሁሉ፣ ወደ ምድጃው አጎንብሰው ቀሩ፤ ልጆቹ አባቶቻቸውን ተራ በተራ ያያሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ በቃናማት ቤት ማደር የተዉ ነበሩ። አንዳንዶቹ በሱ አፈሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሱ ፊት መቀመጥ የራሳቸውን ስለሚያስታውሳቸው ሸሹት። እሱም በማንም አልተቀየመም። የመጣውን ያስተናግዳል፤ እንደ ቀድሞው ቆሞ።

ዳኻናጎ ስትመለስ ፈረሷን እየሳበ እስከ ወንዙ መሻገሪያ ሸኛት። ልጇ ኮርቻው ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ያንጎላጃል። ውሃው ጋ ሲደርሱ ልጓሙን ከእጁ ተቀበለችው።

"በጸደይ እማማ ጎሽማፍን ይላኩልኝ" አለች። "ለልጄ ቋንቋውን ያስተምሩታል።"

"እልካታለሁ።"

"እርስዎም ከፈለጉ ይምጡ።"

ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን ቃናማት አላወቀም። ሊጠይቃት ፈለገ፤ አፈረ። ፈረሱ ውሃውን ሲሻገር ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ቀረ።